ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ነፋስም ነው

ሂት ጋን፣ ማለትም ትኩስ አየር የሚነፋ የእጅ መሣሪያ፣ የሚገዛ ሰው ሙቀት የገዛ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት የሚስብ ተራ ሂት ጋን ከአፍንጫው የሚያወጣው አየር እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም እርሳስ ከሚቀልጥበት ከ327 ዲግሪ በእጅጉ የበለጠ ነው። ነገር ግን ያ ሙቀት ብቻውን አይመጣም፤ በየደቂቃው በመቶዎች ሊትር የሚለካ አየር ተሸክሞት ይመጣል። የፕላስቲክ ቱቦ ለማጠፍ ወይም በሽቦ ላይ የሚኮማተር መሸፈኛ ለማጥበቅ ሲውል ስለ አየሩ ግፊት የሚያስብ የለም። እርሳስ አቅልጦ የጥይት አረር በሚያፈስስ ሰው እጅ ሲገባ ግን ነፋሱ ከሙቀቱ እኩል፣ በአንዳንዱ ደረጃ ላይም ከሙቀቱ አብልጦ ሊታሰብበት ይገባል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው፦ መሣሪያው ለዚህ ሥራ በሚሰጠው ጥቅም ከልቤ አምናለሁ፤ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው እርሳሱ መፍሰስ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰዓት ላይ ነው፤ ያልታሰረ የእርሳስ ዱቄት ባለበት ቦታ ሁሉ ፈጽሞ ሊበራ አይገባውም ባይ ነኝ።

አረር ማፍሰስ ሕግ በሚፈቅድባቸው ቦታዎች የዒላማ ተኳሾችና የአሮጌ ጠመንጃ አፍቃሪዎች በቤታቸው የሚሠሩት የቆየ ሙያ ነው። ሂደቱ ሲነገር ቀላል ነው። እርሳሱ በኤሌክትሪክ ማቅለጫ ድስት ውስጥ ይቀልጣል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ገለፈት ይገፈፋል፤ ፈሳሹ በጭልፋ ወይም ከድስቱ ሥር ባለው ማፍሰሻ አፍንጫ በኩል፣ ሁለት ግማሾች ገጥመው ወደሚሠሩት ሞልድ፣ ማለትም ለአረሩ ቅርጹን ወደሚሰጠው ዕቃ፣ ይገባል፤ በሞልዱ አናት ላይ ባለችው መቁረጫ ሳህን ላይ የተረፈው እርሳስ ሲረጋ ሳህኗ ተገፍታ ትርፉን ትቆርጣለች፤ ከዚያም ሞልዱ ይከፈትና አረሩ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ይወድቃል። በተግባር ግን ከነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በሙቀት ልክ ነው፤ ሥራውን የጀመረ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ዓይኑ ሂት ጋን ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ እርሳሱን ራሱን በዚህ መሣሪያ ማቅለጥ ነው። ሐሳቡ ከየት እንደሚመነጭ ይገባኛል። እርሳስ ክብደቱ ያታልላል እንጂ ብዙ ሙቀት የሚፈልግ ብረት አይደለም። አንድ ኪሎ እርሳስ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስከ መቅለጫው ለመሞቅ 40 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ከዚያም ጠጣሩ ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ 23 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃዋል፤ አንድ ኪሎ ውኃን ከ20 ዲግሪ እስከ መፍያው ለማድረስ ግን ከ330 ኪሎ ጁል በላይ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ባለ 2,000 ዋት መሣሪያ ጉልበቱን ሁሉ ለእርሳሱ ቢያስረክብ ኪሎውን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ባቀለጠው ነበር። ነገር ግን አያስረክብም። ትኩሱ አየር የብረቱን ገጽ ዳስሶ ያልፋል፤ አብዛኛውን ሙቀቱን እንደያዘም በክፍሉ ውስጥ ይበተናል፤ ድስቱ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ተመልሶ የሠራተኛውን እጅና ፊት ይመታል።

ጉዳቱ የጉልበት ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልተጨነቅሁ ነበር። የቀለጠ እርሳስ ገጹ ላይ ያለማቋረጥ ትኩስ አየር ሲነፍስበት ከኦክስጅን ጋር ፈጥኖ ይዋሃዳል፤ ገጹ በግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ቢጫ በሚያደላ ገለፈት ይሸፈናል፤ ገለፈቱ ደቆ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱን የሚያስነሣው ነፋስም እዚያው ከላዩ ላይ ነው። ሂት ጋን በዚህ በኩል በአንድ እጅ የሚያዝ ወናፍ ነው፤ አመድ ላይ የተቀሰረ ወናፍ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ማቅለጡን ለድስቱ መተው ይሻላል። የኤሌክትሪክ ድስት ከሥርና ከጎን ያሞቃል፤ ሙቀቱን በመቆጣጠሪያው ይገድባል፤ የፈሳሹንም ገጽ ሳይረብሽ ይተወዋል።

መሣሪያው ያለጥርጥር ዋጋ የሚኖረው ምንም ነገር ከመቅለጡ በፊት ውኃን በማባረር ሥራ ላይ ነው። በእርሳስ ማቅለጥ ውስጥ የቅጽበት አደጋ የሚባለው ይኸው ውኃ ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በቀለጠ እርሳስ ገጽ ላይ የወደቀች ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ተንጫጭታ ትተናለች፤ ከገጹ በታች የገባች ጠብታ ግን መውጫ የላትም፤ ስትሰፋ ከበላይዋ ያለውን ፈሳሽ ብረት ሁሉ ወደ ላይ ትወረውረዋለች። ጠብታዋ ትልቅ መሆን አያስፈልጋትም። ከቀዝቃዛ ማስቀመጫ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ የእርሳስ ቁራጭ ላብ ይይዛል፤ ስንጥቅ ያለበት ቁራጭ በውስጡ እርጥበት ቋጥሮ ይቆያል፤ ዝገት የያዘ ጭልፋ፣ ገለፈት መግፈፊያው ማንኪያ፣ የቴርሞሜትሩ ዘንግ ሳይቀር እርጥበት ሊሸከሙ ይችላሉ። የሚያመጡት መዘዝ ከመጠናቸው ጋር አይመጣጠንም።

እዚህ ላይ ሂት ጋን በጣም ጥሩ አገልጋይ ነው። ንጹሕ ቁራጮችን በብረት ትሪ ላይ በነጠላ ደርድሮ፣ መሣሪያውን ከ150 እስከ 200 ዲግሪ በሚሆን ልክ ላይ አድርጎ፣ ከተወሰነ ርቀት ቀስ እያሉ ማዟዟር፣ እያገላበጡም ደጋግሞ ማሞቅ ነው። መቸኮል አያስፈልግም፤ ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለምና፣ ቁራጩ በሙሉ ውፍረቱ ከውኃ መፍያ በላይ እስኪሞቅ መጠበቅ ይገባል። ጭልፋውንና መግፈፊያውን ማሞቅ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ይበቃቸዋል፤ ወደ ድስቱ ሲገቡም እርሳሱ ስለማይረጋባቸው ሥራው ያምራል።

ነገር ግን ንጹሕ ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ለብዙ ዓመት ውጭ የተቀመጠ እርሳስ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ይለብሳል፤ ይህ ዱቄት የእርሳስ ውሁድ ነው፤ በጣት ሲነካ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ቁራጭ በሂት ጋን ማድረቅ ዱቄቱን በቤት ውስጥ መበተን ነው። ለእርሱ የሚሻለው ዘዴ ሌላ ነው፦ ድስቱ ገና ባዶና ቀዝቃዛ እያለ ቁራጩን ማስገባት፣ ክዳን መክደን፣ ከዚያ ሙቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር። ብረቱ ከመቅለጡ በፊት 100 ዲግሪን ማለፉ ስለማይቀር እርጥበቱ በጊዜው ይወጣል። በደረቅነቱ የተጠራጠርሁትን ማንኛውንም ቁራጭ በዚህ መንገድ ከማቅለጥ ውጭ ቀልጦ በቆየ ድስት ላይ አልጨምርም። ይህን ልማድ የምጠብቀው ከሌላው ሁሉ አጥብቄ ነው።

አሁን ወደ ሞልዱ ልምጣ፤ ስለ ሂት ጋን ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነውና። ቀዝቃዛ ሞልድ ውስጥ የገባ እርሳስ ጎድጓዳውን ሳይሞላ ይረጋል። አረሩ ሲወጣ ገጹ የተጨማደደ፣ ጠርዞቹ የተዶለዶሙ፣ ሰም የሚያዝባቸው ጎድጎዶች በቅጡ ያልወጡ ይሆናል። ሞልዱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ደግሞ የአረሩ ገጽ መብረቁን ትቶ ደብዛዛ ነጭ ይሆናል፤ እየባሰ ሲሄድም ብረቱ ቶሎ ስለማይረጋ ሥራው ይጓተታል። በሁለቱ መካከል ያለው መልካሙ ልክ እንደ ቅይጡና እንደ ሞልዱ ይለያያል፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው ብሎ መነሣት ግን አያሳስትም። ብዙ ሰው ይህን ልክ የሚያገኘው እያፈሰሰ ነው፤ ሞልዱ እስኪሞቅ ድረስ የሚወጡትን የተበላሹ አረሮች መልሶ ወደ ድስቱ ይጥላል። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን የተመለሰው እርሳስ ሁሉ ገለፈትን ይጨምራል፤ ድስቱንም ያቀዘቅዛል። አስቀድሞ ማሞቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ማሞቂያው ምን ይሁን በሚለው ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ሞልዱን አስቀምጠውበት ድስቱ እስኪቀልጥ ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ሙቀቱም ከሥር ቀስ ብሎ ወደ ሙሉ አካሉ ይዳረሳል። የጋዝ ችቦ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ነበልባሉ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ አንዱን ጥግ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል፤ ሁለቱ ግማሾች እኩል ሳይሞቁ ሲቀሩም ሊጣመሙና መግጠም ሊያስቸግራቸው ይችላል፤ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ብረት ነው። ሂት ጋን በነዚህ መካከል ይቆማል። እስከ 300 ዲግሪ በሚሆን ልክ ላይ ሆኖ ከእጅ ስንዝር ርቀት ገደማ ሲነፋ አሉሚኒየሙን አያቀልጠውም፤ ነገር ግን አሠራሩን ካላወቁበት እርሱም አንድ ጎን ብቻ ያሞቃል። ሞልዱ ተዘግቶ፣ በማይቃጠል ጡብ ላይ ተቀምጦ፣ አየሩ ግራና ቀኙን በየተራ ሲያገኘው ነው ውጤቱ የሚያምረው። የእንጨቱ እጀታ ወደ አየሩ መንገድ መግባት የለበትም፤ እንጨት በ200ዎቹ ዲግሪዎች ውስጥ ማረር ይጀምራል፤ ካረረ እጀታ ውስጥም ብረቱ መላላቱ አይቀርም።

የአሉሚኒየምና የብረት ሞልድ በዚህ ላይ ጠባያቸው ይለያያል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት አብልጦ፣ በሦስት እጥፍ ገደማ፣ ስለሚያስተላልፍ ትኩሱ አየር ጥግ ላይ ቢያርፍ እንኳ ሙቀቱ ፈጥኖ ይሰራጫል፤ ነገር ግን በዚያው ፍጥነት ይበርዳል፤ ስለዚህ ሥራው ለአፍታ ሲቋረጥ መልሶ ማሞቅ ይፈልጋል። የብረቱ ሞልድ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ልኩን ጠብቆ ይቆያል። ለአሉሚኒየሙ ሂት ጋን በመሐል በመሐል ይጠቅማል፤ ለብረቱ ግን መጀመሪያ ላይ ምድጃው ይሻለዋል።

ስለ መቁረጫ ሳህኗ ጥቂት ቆየት ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሂት ጋን ከምድጃ የሚበልጥበት ብቸኛ ቦታ ይህች ስለሆነች። ሞልዱ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ ሥሩ ይሞቃል፤ ሳህኗ ግን አናቱ ላይ ናት፤ ሙቀቱ መጨረሻ የሚደርሰው ለእርሷ ነው። ሞልዱ ለሥራ ሲደርስ እርሷ ገና ቀዝቃዛ ትሆናለች። ይህ ለምን ችግር እንደሆነ ለማየት ፊትን በመከለያ ሸፍኖ አንዱን አፈሳስ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። እርሳሱ ሞልቶ ሲቆም ሳህኗ ላይ የተረፈችው ትንሽ ኩሬ እንደ ተወለወለ ብር ታበራለች። ሳህኗ በልኩ ሞቃ ከሆነ ኩሬዋ ለጥቂት ሰከንድ ፈሳሽ ሆና ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ ከሥሯ ያለው አረር እየረጋ ሲኮማተር ከእርሷ ይመገባል፤ መካከሏ በትንሹ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል፤ ወዲያውም መብረቋ ከዳር ጀምሮ ወደ ደብዛዛነት ይለወጣል። ያኔ ነው የሚቆረጠው። ሳህኗ ቀዝቃዛ ከሆነች ኩሬዋ እንደ ነካቻት ትረጋለች፤ መመገቢያው መንገድ ይዘጋል፤ አረሩም ሲኮማተር ከጀርባው ጎድሎ ወይም ጠርዙ ተዶልዱሞ ይቀራል። ከመጠን በላይ ስትሞቅ ደግሞ እርሳሱ ሳይረጋ ይቆረጣል፤ ሳህኗና የሞልዱ አናት መካከልም ይቀባል።

የአረር ጀርባ ጉዳይ የመልክ ጉዳይ አይደለም። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ በመጨረሻ የሚለቀው ጀርባውን ነው፤ ጀርባው በአንድ በኩል የጎደለ ከሆነ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያዘነብለዋል። አፍንጫው ላይ ትንሽ ጭረት ያለበት አረር ጀርባው ከተበላሸ አረር ይልቅ ዒላማውን ይመታል። ስለዚህ ሞልዱን ምድጃው ላይ ተዉት፤ በመጨረሻው ደቂቃ ግን ሂት ጋኑን ወደ ሳህኗ ብቻ አቅኑት፤ በጠባብ ማተኮሪያ አፍንጫ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከመጀመሪያዎቹ አፈሳሶች ጀምሮ ጀርባቸው የተሳለ አረሮች ሲወጡለት ያያል። በሥራው ውስጥ ይህን ያህል ደስ የሚያሰኘኝ ነገር ብዙ የለም።

የሞልዱን ሙቀት ለመለካት የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩን ግን አምነው መቀበል የለባቸውም። መሣሪያው የሚለካው ከገጹ የሚወጣውን ጨረር ነው፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ደግሞ ጨረር የሚያወጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ በእውነት 200 ዲግሪ የሆነውን ሞልድ እጅግ ያነሰ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ይህን አምኖ ሂት ጋኑን ደጋግሞ የሚነፋ ሰው ሞልዱን ያለ ልክ ያሞቀዋል። የሚነካ ቴርሞሜትር የተሻለ ነው፤ ከሱም የተሻለው ምስክር የሚወጣው አረር ራሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ልጨምር። የተጨማደደ አረር ሁሉ የቀዝቃዛ ሞልድ ውጤት አይደለም። በጎድጓዳው ውስጥ የቀረ ዘይትም ያንኑ መጨማደድ ያመጣል፤ አዲስ ሞልድ ከዝገት እንዲጠበቅ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ ይህ የተለመደ ነው። ዘይቱን በሂት ጋን አቃጥሎ ለማጥፋት መሞከር ግን ዘይቱን ወደ ደረቅ ቅርፊት መለወጥ ነው። ሞልዱን በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ፣ ከዚያ በሂት ጋን ፍጹም ማድረቅ ነው የሚሠራው። ማጠቡም ማድረቁም ከማቅለጫው ድስት ርቆ መሆን አለበት።

ከሥሩ የሚያፈስስ ድስት ያላቸው ሰዎች ሌላ ጥቅም ያውቃሉ። የማፍሰሻው አፍንጫ ከድስቱ ውጭ ወደ አየር ስለሚወጣ ከውስጡ ፈሳሽ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥ በውስጡ የቀረው እርሳስ ይረጋና መውጫውን ይደፍነዋል። የድስቱን ሙቀት በጣም ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ ሲጨምር ገለፈቱም አብሮ ይጨምራል። ከጎን ወደ አፍንጫው የተቀሰረ ሂት ጋን ግን በአጭር ጊዜ ይከፍተዋል። አየሩ ወደ ድስቱ አፍ እንዳይወጣ ድስቱ ክዳን ይኑረው፤ ከአፍንጫው ሥርም ደረቅና የሞቀ የብረት ዕቃ ይቀመጥ፤ የረጋው ሲለቅ እርሳሱ ያለ ማስጠንቀቂያ መውረድ ሊጀምር ይችላልና። እጅ በምንም ምክንያት ከአፍንጫው በታች መዋል የለበትም።

የቅይጡ ዓይነት በዚህ ሁሉ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ንጹሕ እርሳስ ለስላሳ ነው፤ በብሪኔል መለኪያ ጥንካሬው 5 ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ሞልድ በቅጡ አይሞላም። ቆርቆሮ ሲጨመርበት ፍሰቱ ይሻሻላል፤ አንቲሞኒ ሲጨመርበት ይጠነክራል። የማተሚያ ፊደል የሚሠራበት ብረትም የነዚሁ የሦስቱ ቅይጥ ነበር። ሊኖታይፕ ለተባለው የማተሚያ መኪና የሚውለው ቅይጥ 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቆርቆሮ ሲሆን በ240 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ይህም ከንጹሕ እርሳስ መቅለጫ ከ80 ዲግሪ በላይ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ቅይጥ የያዘ ሰው ሂት ጋኑ ለሞልዱ የሚያስፈልገው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ብረቱ ራሱ ሞልዱን የመሙላት ዝንባሌ አለው። ንጹሕ እርሳስ የሚያፈስስ፣ ለምሳሌ በአፈሙዝ ለሚጎረስ አሮጌ ጠመንጃ የሚሠራ ሰው ግን ሞልዱንም ሳህኗንም አብልጦ ማሞቅ ይኖርበታል። ከልዩ ልዩ ቦታ የተለቀመ ቁርጥራጭ የሚያቀልጡም ዚንክን ማስታወስ አለባቸው፤ መቅለጫው 419 ዲግሪ ነውና ድስቱ ከዚያ በታች እስከቆየ ድረስ ዚንኩ ጠጣር ሆኖ ይንሳፈፋል፤ በመግፈፊያም ይወጣል።

አየርና የቀለጠ እርሳስ ሁልጊዜ ጠላቶች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የእንግሊዝ የብሪስቶል ከተማ ነዋሪ የነበረው ዊሊያም ዋትስ እ.ኤ.አ. በ1782 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት ዘዴ በአየር ላይ የቆመ ነበር፤ የቀለጠ እርሳስ ከከፍታ በወንፊት ሲወርድ ጠብታዎቹ በመንገዳቸው ድቡልቡል ሆነው እየረጉ ከታች ውኃ ውስጥ ይወድቃሉ። የአደን ጥይት ጥራጥሬ ለረጅም ዘመን የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። እዚያ ግን አየሩ የሚገናኘው ከንጹሕ ጠብታ ጋር ነበር። በቤት ውስጥ ድስት ላይ የሚነፍስ አየር የሚያገኘው ገለፈትን ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እነሆ ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ስለ እርሳስ ማቅለጥ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱን መፍራት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እርሳስ የሚፈላው በ1,749 ዲግሪ ነው፤ አረር በሚፈስስበት ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ልክ ከፈሳሹ የሚተነው እርሳስ ጥቂት ነው። በድስቱ ላይ የሚታየው ጭስም አብዛኛውን ጊዜ ለማጥራት ከተጨመረው ሰም ወይም የእንጨት ዱቄት የሚወጣ ነው። በእውነት ወደ ሰው ሰውነት የሚገባው በዋናነት ዱቄቱ ነው፦ ከገለፈቱ፣ ከአሮጌው ቁራጭ ገጽ፣ ከጠረጴዛውና ከወለሉ ተነሥቶ በእጅ ወደ አፍ፣ በትንፋሽም ወደ ሳንባ።

መጠኑን በስሌት ማየት ዓይን ይከፍታል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ለሠራተኞች የፈቀደው ጣሪያ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም እርሳስ ነው። አንድ ግራም እርሳስ በደቃቅ ዱቄት መልክ ቢበተን 20,000 ሜትር ኩብ አየርን እስከዚህ ጣሪያ ያደርሳል። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል የሚይዘው 50 ሜትር ኩብ አየር ስለሆነ፣ አንድ ግራሙ ለ400 እንዲህ ያሉ ክፍሎች ይበቃል ማለት ነው። በአንድ ማንኪያ ገለፈት ውስጥ ብዙ ግራም አለ። በዚያ ላይ ሂት ጋን መቀሰር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት የምችል አይመስለኝም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የእርሳስ ቀለም ባለባቸው ቤቶች ለሚሠሩ አዳሾች በደነገገው ሕግ ሂት ጋንን ከ1,100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ593 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ካልሆነ በቀር እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ይህ ደንብ ስለ ቀለም የወጣ እንጂ ስለ ድስት የወጣ አይደለም፤ ነገር ግን በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ከፍተኛ ልክ ይህን ጣሪያ የሚነካ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አረር በማፍሰስ ሥራ ውስጥ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚያስፈልግበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም፤ የተደፈነው አፍንጫ ብቻ ልዩ ነው።

እርሳስ ከገባ በኋላ ቶሎ አይወጣም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል፤ በአጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕፃናት መመዘኛ ያደረገውን ቁጥር በአንድ ዴሲሊትር ደም ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። ስለዚህ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ወደ ሥራው ቦታ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም፤ የሥራው ልብስና ጫማም ወደ መኖሪያው መግባት የለበትም። ሥራው የሚሠራው አየር በሚዘዋወርበት፣ ምግብ በማይበላበት ቦታ፣ የቆዳ ጓንት፣ ረጅም ሱሪ፣ የተሸፈነ ጫማና የፊት መከለያ ተደርጎ ነው። ገለፈቱ እንደ ተገፈፈ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ወለሉና ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረጉም፤ በሂት ጋን ወይም በማንኛውም ነፋሻ ዕቃ አቧራ ማባረርማ የማይታሰብ ነው። ይህን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን እርሳስ በየጊዜው ማስመርመር ይገባዋል፤ ምርመራው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ይበቃ እንደሆነም በቁጥር ይነግረዋል።

አረሩ ከወጣ በኋላ ሂት ጋን ያለው ሚና ትንሽ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሚቀልጥ፣ ሰም ያለበትን ቅባት ለማለስለስ ወይም የሚቀባበትን መሣሪያ ለማሞቅ ዝቅተኛው ልክ ይበቃል። በዱቄት ቀለም አረር የሚሸፍኑ ሰዎች ግን ለመጋገሩ ሂት ጋን ባይጠቀሙ እመክራለሁ፤ ቀለሙ 200 ዲግሪ አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል እኩል ሙቀት ይፈልጋል፤ ነፋሱም ገና ያልያዘውን ዱቄት ከአረሩ ላይ ያራግፈዋል። ለዚህ ምግብ የማይገባበት የተለየ ምድጃ ያስፈልጋል።

ስለ መሣሪያው አያያዝ የምጨምረው ጥቂት ነው። ባለ 2,000 ዋት ሂት ጋን በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ከማቅለጫው ድስት ጋር በአንድ ቀጭን ማራዘሚያ ላይ ሁለቱን መሰካት ማራዘሚያውን ማቃጠል ነው። ሥራ ሲያበቃ ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ለጥቂት ደቂቃ በቀዝቃዛ አየር ማስኬድ የውስጡን ማሞቂያ ሽቦ ዕድሜ ያራዝማል፤ አፍንጫው ግን ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆዳ እንደሚያቃጥል መርሳት አይገባም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው የማያስበው ስለሆነ ለይቼ እጠቅሰዋለሁ። ሂት ጋን በአፍንጫው የሚነፋውን አየር ከጀርባው ወይም ከጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች የሚስበው ከሥራው ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ የእርሳስ ዱቄት ካለ በነዚያ ቀዳዳዎች ይገባል፤ በማራገቢያውና በሽቦዎቹ መካከል ይቀመጣል፤ ከጊዜ በኋላም ተመልሶ ይነፋል። ስለዚህ ለአረር ሥራ የዋለ ሂት ጋን ለሌላ ሥራ መዋል የለበትም፤ የልጅ መጫወቻ ለመጠገን፣ ጫማ ለማድረቅ ወይም በወጥ ቤት ውስጥ ቱቦ ለማላቀቅ ተብሎ ወደ መኖሪያ ክፍል መግባት የለበትም። ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የሚሠራበት ሥራ በግልጽ ተጽፎበት፣ ከማቅለጫው ድስትና ከጭልፋው ጋር ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ለቤት የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ይገዛ።